ስኳር ወርዶ ስትሮክ ሲመስል፦ ስለ አንጎል ምርመራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በጎንደርና በዙሪያዋ የስኳር ሕመምተኛ ላለበት ቤት ነው። ከአዘዞ እስከ ደባርቅ የሚነሱት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም። መልሶቹ ሐኪምዎን አይተኩም። ግን ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሲቆሙ ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ይነግሩዎታል።

ስኳር ማነስ እንዴት ስትሮክ ሊመስል ይችላል?

አንጎል በዋናነት የሚሠራው በግሉኮስ ነው። ክብደቱ ከመላው ሰውነታችን 2 በመቶ ቢሆን ነው። በእረፍት ጊዜ ግን ሰውነት ከሚያቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። የሚያስቀምጠው ስንቅ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲያልቅ ወዲያው ይቸገራል።

ስትሮክ ሲሆን የደም ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል። ስኳር ሲወርድ ደሙ ይደርሳል፣ ነዳጁ ግን የለበትም። ኩራዝ ክሩ ቢቆረጥም ጋዙ ቢያልቅም ይጠፋል፤ ከደጅ ላየው ጨለማው አንድ ነው። ስለዚህ ምላስ ይተሳሰራል፣ አፍ ይጣመማል፣ አንድ እጅና እግር ይዝላል፣ ሰውየው ይቀባዥራል። አንዳንዱ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱ ራሱን ይስታል።

ስንት ሲሆን ነው የሚያሰጋው?

እኛ ጋ ያሉት መለኪያዎች በብዛት የሚያነቡት በሚሊግራም ነው። ከ70 በታች ሲሆን ስኳር ወርዷል ይባላል፤ አንድ ነገር ቀምሶ ማስተካከል ይገባል። ከ54 በታች ከባድ ነው፤ አንጎል መደናገር የሚጀምረው እዚህ አካባቢ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጥር አይጠየቅም። ሰውየው ራሱን መርዳት ካቃተውና ሌላ ሰው ካስፈለገው፣ በቃ አደገኛ ነው። ማሽንዎ በሚሊሞል የሚያነብ ከሆነ በ18 ያባዙት። 3 ቢል 54 ማለት ነው።

ሁሉም ሰው ግን እኩል አይደለም። ስኳሩ ለወራት 300 እና 400 ላይ የኖረ ሰው 80 ላይም ሊያልበው ይችላል። ተደጋግሞ የወረደበት ሰው ደግሞ 45 ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ ከዚያ ሳይታሰብ ይወድቃል። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

ስኳር ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጎን አይደክምም ነበር?

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ግን አይደለም። አንድ ጎን ብቻ የሚያዝል ስኳር ማነስ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። ለምን አንድ ጎን እንደሚመርጥ የተለያየ ማብራሪያ ይሰጣል። የአንጎል ክፍሎች ረሃብን የሚችሉት እኩል አይደለም። የአንድ ጎን የደም ሥር ቀድሞ የጠበበ ከሆነም ያ ጎን ቀድሞ ይራባል። የድሮ ስትሮክ ጠባሳ ያለበት ሰው ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የድሮው ድክመት ተመልሶ ብቅ ሊልበት ይችላል።

በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም?

መጠርጠር ይቻላል፤ መለየት ግን አይቻልም። ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ ወደ ስኳር ማነስ ያደላሉ። ሰውየው ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚውጥ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ግን በዕድሜ የገፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ምልክት አያሳዩም። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የሚወስዱትም እንዲሁ። መድኃኒቱ መንቀጥቀጡንና የልብ ምቱን ይደብቀዋል። ላቡ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ጣት ይወጋ። አሠራሩን እንንገርዎ፤ ቤት ውስጥ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና። መጀመሪያ እጅ በውኃ ይታጠብና ይደርቃል። ብርቱካን ልጦ ወይም ማር ነክቶ የነበረ ጣት ሲወጋ ማሽኑ የሚያነበው የደሙን ብቻ ሳይሆን የማሩንም ስኳር ነው። ትክክለኛው 40 ሆኖ ሳለ 110 ሊያሳይ ይችላል፤ ሁሉም «ስኳሩስ ደህና ነው» ብሎ ይዘናጋል። የሚወጋው የጣቱ ጎን ነው እንጂ መሐሉ አይደለም፤ መሐሉ ያማል። ጠብታዋ ስትወጣ የስትሪፑን ጫፍ ብቻ ያስጠጉላት፤ ራሱ ይስባታል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ቁጥሩ ይመጣል።

አንዳንዴ ቁጥር አይመጣም። ማሽኑ «ሎ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ቤተሰብ «ተበላሸ» ብሎ ማሽኑን ያስቀምጠዋል። አልተበላሸም። በአብዛኞቹ ማሽኖች ይህ ጽሑፍ ስኳሩ ከ20 በታች ወርዷል ማለት ነው። ከዚያ የባሰ ውጤት የለም።

ሐኪሙ በቀጥታ ሲቲ ስካን ለምን አላዘዘም? እኛ እኮ ለሲቲ ብለን ነው ከደባርቅ የመጣነው።

ደባርቅ ጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ሁሉ መንገድ ታማሚ አቅፎ የመጣ ሰው ትልቁን ማሽን ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ትንሿ የጣት መውጊያ የማሾፍ ትመስላለች። ቅደም ተከተሉ ግን እንዲህ መሆን አለበት፦ መተንፈሱና የደም ግፊቱ ይታያል፣ ጣቱ ይወጋል፣ ከዚያ ሲቲ ስካን።

ለምን ቢሉ፣ የስኳሩ ውጤት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ከወረደ ደግሞ መድኃኒቱ እዚያው አለ። ሲቲ ስካን ግን ወረፋ አለው፣ ክፍያ አለው፣ ታማሚውን በአልጋ መግፋት አለው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተራበው አንጎል እየተጎዳ ነው። በስትሮክ ሕክምና ላይ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፤ ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ይሰጣል። መድኃኒቱ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ባለበት አገር እንኳ ከመስጠታቸው በፊት ለሁሉም ታማሚ የግድ የሚሉት አንድ የደም ምርመራ ብቻ ነው፤ እሱም ስኳር ነው። የሌሎቹ ውጤት አይጠበቅም፣ ልዩ ጥርጣሬ ከሌለ በስተቀር። ስትሮክ የሌለበትን ሰው ደም አቅጥኖ ማድማት ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ የትም ጤና ጣቢያ ይግቡ፣ የትም ሆስፒታል፣ መጀመሪያ የሚሉት ይሄን ይሁን፦ «ስኳሩን ለኩልን።» አያፍሩ። ግርግር ባለበት ምሽት የሚረሳው ቀላሉ ነገር ነው። ደባርቅ ላይ ከተለካ እኮ መንገዱ ራሱ ላያስፈልግ ይችላል።

ታዲያ ሲቲ ስካን ምኑን ያሳያል?

ዋና ሥራው ደም መፍሰሱን ማየት ነው። የፈሰሰ ደም በሲቲ ስካን ላይ ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። ዕጢም፣ ከወደቀ በኋላ በራስ ቅል ሥር የተጠራቀመ ደምም ይታያል። የመጀመሪያው ታማሚ ለንደን ውስጥ በሲቲ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም የፈሰሰና የረጋ ደምን በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለመለየት በጣም ይቸገር ነበር።

የማያሳየውስ? በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደም መርጋት ስትሮክ ሲቲ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስኳር ማነስም አይታይም። ሁለቱም «ደህና ነው» ተብለው ይወጣሉ። እናም «ሲቲው ንጹህ ነው» ሲባል ደም አልፈሰሰም ማለት ነው እንጂ ስትሮክ የለም ማለት አይደለም። ስኳር ነው ማለትም አይደለም።

ኤምአርአይ ከሆነስ? እሱ አይሳሳትም ይባላል።

ኤምአርአይ ብዙ ዓይነት ምስል ያነሣል። ለዚህ ጉዳይ ዋናው ዲፊዩዥን የሚባለው ነው። የሚከታተለው በአንጎል ውስጥ ያለውን የውኃ እንቅስቃሴ ነው። ህዋስ ኃይል ሲያጣ ጨው የሚያስወጣበት ፓምፕ ይቆማል። ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ህዋሱ ያብጣል፣ ውኃውም እንደልቡ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ያ ቦታ በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ያበራል። የደም ሥር ሲዘጋ ይህ ነጭነት ሲቲ ገና ምንም ሳያይ ብቅ ይላል። ኤምአርአይ የተመሰገነው በዚህ ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ህዋሱ ኃይል ያጣው ደም ስላልደረሰው ይሁን ስኳር ስላጣ፣ ፓምፑ የሚቆመው በአንድ ዓይነት ነው። ስኳሩ 25 የሆነ ሰው ኤምአርአይ ውስጥ ቢገባ ቁልጭ ያለ የስትሮክ ምስል ሊወጣለት ይችላል። ማሽኑ አልዋሸም። ያበጠ ህዋስ አይቷል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ምስሉን የሚያነበው የራዲዮሎጂ ሐኪም የስኳሩን ቁጥር ካልሰማ «ስትሮክ» ብሎ ቢጽፍ አይገርምም።

ለዚህ ነው የምርመራ ማዘዣው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር እንዲጻፍ የምንለምነው፦ ስኳሩ ስንት እንደነበረና በስንት ሰዓት እንደተለካ። ከጤና ጣቢያ የተላከ ታማሚ ግሉኮስ መንገድ ላይ ወስዶ ሆስፒታል ሲደርስ 160 ሊሆን ይችላል። ያን የመጀመሪያ 38 የያዘችው ብጣሽ ወረቀት ኪስ ውስጥ ከቀረች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ ሁሉ በተሳሳተ መንገድ ይሄዳል።

ልምድ ያለው ሐኪም ሁለቱን ምስሎች በምን ይለያቸዋል?

በመጀመሪያ የሚያየው ነጭነቱ የያዘውን ቦታ ነው። ስትሮክ የአንድን የደም ሥር ግዛት ተከትሎ ይሄዳል። የተዘጋው የደም ሥር የሚያጠጣው ክፍል ብቻ ይጎዳል፣ ድንበሩም ይታወቃል። ስኳር ማነስ ግን የደም ሥር ድንበር አያውቅም። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ጎን አመሳስሎ ይይዛል።

የሚወዳቸው ቦታዎችም አሉት። አንዱ ለእጅና ለእግር ትእዛዝ የሚወርድበት ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ኢንተርናል ካፕሱል ይባላል። ሌላው የአንጎልን ግራና ቀኝ የሚያገናኘው የነርቭ ጥቅል የኋላ ጫፍ፣ ስፕሌኒየም ነው። ሲከፋ ላይኛውን የአንጎል ልባስና ትዝታ የሚቀረጽበትን ሂፖካምፐስ ይይዛል። ታላመስ የሚባለው የመሐል ክፍል፣ ትንሹ አንጎልና የአንጎል ግንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋሉ። ልቡ ቆሞ በተመለሰ ሰው ላይ ታላመስ ብዙ ጊዜ ይጎዳል፤ ስለዚህ የእሱ መትረፍ ለሐኪሙ ፍንጭ ነው።

ከዚያ የደም ሥሮቹን ራሳቸውን የሚያሳይ ምስል ሊታዘዝ ይችላል። ትልቁ የደም ሥር ክፍት ከሆነና ደሙ በደንብ የሚሄድ ከሆነ፣ ግን አንጎሉ ላይ ሰፊ ነጭነት ካለ፣ ነገሩ የደም ሥር ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

አስቸጋሪው ነጭነቱ በአንድ ጎን ኢንተርናል ካፕሱል ላይ ብቻ ሲያርፍ ነው። ያን ጊዜ ምስሉ ከትንሽ ስትሮክ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ልዩነቱን የሚናገረው የስኳሩ ቁጥርና ከግሉኮስ በኋላ የሚሆነው ነገር ብቻ ነው።

ያ ነጭ ነገር ይጠፋል ወይስ ይቀራል?

ሊጠፋ ይችላል፤ የሚያስደስተውም ይሄ ነው። በተለይ ኢንተርናል ካፕሱልና ስፕሌኒየም ላይ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ስኳሩ በቶሎ ተስተካክሎ በድጋሚ ሲታይ ምስሉ ንጹህ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሰውየውም ድኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልባሱን ወይም ከሥር ያሉትን ቤዛል ጋንግሊያ የተባሉ ክፍሎች በሰፊው ከያዘ ግን ተስፋው ይቀንሳል። ወሳኙ ምን ያህል እንደወረደና ለስንት ሰዓት እንደቆየ ነው። ማታ ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ስኳሩ ወርዶ ያደረ ሰውና ገበያ ላይ ወድቆ በ10 ደቂቃ ውስጥ የተረዳ ሰው አይነጻጸሩም።

አባባ ግሉኮስ ወስደው ነቅተዋል፤ እጃቸው ግን አሁንም አልተነሣም። ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል። አንዳንዱ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋና ለረጅም ጊዜ ወርዶ የቆየ፣ ሰዓታት ሊፈጅበት ይችላል። ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም። ስኳሩ ተስተካክሎ ድክመቱ ካልለቀቀ፣ አሁን የምስሉ ተራ ነው። ስኳር ማነስና ስትሮክ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊመጡ ይችላሉ። የስኳር ሕመም ራሱ ለስትሮክ ያጋልጣል፤ ግፊት ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። እንዲያውም ስትሮክ የመታው ሰው መብላት ተስኖት ግን ኢንሱሊኑን ተወግቶ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል።

አለን ዊፕል የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያስቀመጠው መመዘኛ ዛሬም ይሠራል። ምልክቱ ይኑር፣ ስኳሩ ወርዶ ይገኝ፣ ስኳር ሲሰጥ ምልክቱ ይጥፋ። ሦስተኛው ካልተሟላ «ስኳር ነው» ብሎ ፋይል መዝጋት አይቻልም።

ሲቲው ላይ «የቆየ ስትሮክ» ተብሎ ተጽፏል። አሁን የታመሙት በዚያ ነው?

የግድ አይደለም። ግፊት ያለባቸው አዛውንት አንጎል ላይ ሳይታወቅ ያለፈ ትንሽ ጠባሳ ማግኘት የተለመደ ነው። ጠባሳው የዛሬ ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል።

ይህን ጥያቄ ትንሽ ማስፋት ያስፈልጋል፤ ጉዳት የሚመጣበት በር ነውና። ጠባሳው ይታያል፣ «ስትሮክ ነው» ተብሎ አስፕሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ይታዘዛል፣ ታማሚው ይወጣል። ስኳሩን የጣለው ክኒን ግን አልተነካም። ቤት ሄዶ ጠዋት ያንኑ ክኒን ይውጣል። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ «ሁለተኛ ስትሮክ» ይባላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ምንም ይበል ምን፣ ከመውጣትዎ በፊት የስኳር መድኃኒቱ መጠን ይቀየር እንደሆነ ይጠይቁ።

ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ይወርዳል?

የትኛው ክኒን እንደሆነ ይወስነዋል። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። ግሊቤንክላማይድ ግን ያወርዳል፤ ያውም ክፉኛ። ኩላሊት የደከመ ከሆነ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። ታማሚው ግሉኮስ ወስዶ ይነቃል፣ ይቀልዳል፣ «በቃ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላል። ማታ እንደገና ይወርዳል። በዚህ ክኒን ስኳሩ የወረደበት ሰው ሆስፒታል ማደር አለበት። ቤተሰብ ተሟግቶ ማስወጣት የለበትም።

ጾም ላይ ምን እናድርግ?

በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ፣ በየረቡዕና ዓርቡ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ጎንደር ውስጥ ስንት ነው። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ሙሉ። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም ግሊቤንክላማይድ ውጦ እስከ ቅዳሴ መውጫ ባዶ ሆድ መዋል ማለት ስኳሩን ራሱ መጣል ነው። መድኃኒቱ ምግብ ይመጣል ብሎ ሥራውን ጀምሯል።

ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ፤ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ መጠንና ሰዓት ሊስተካከል ይችላል። የንስሐ አባትንም ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው መፍቀድ አዲስ ነገር አይደለም። በእስልምናም ለታማሚ ፈቃድ አለ። በጾም መሐል ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ጾሙ እዚያው ይፈታል። «ትንሽ ልታገሥ» የሚባል ነገር የለም።

ልክፍት ነው ብለው ጠበል እንውሰዳቸው ይላሉ ጎረቤቶች።

ጠበሉን ማንም አይከለክልም። ግን ጠበል የሚጠጣውም የሚጠመቁትም በባዶ ሆድ ነው። ስኳሩ ወርዶ የሚቃዥ ሰው ያለ ምግብ ማለዳ ተራራ ላይ ቢወጣ የሚሆነው ግልጽ ነው። ጣቱ ይወጋ፣ ስኳሩ ይስተካከል፣ ሲቲው ካስፈለገ ይነሣ። ጠበሉ ከዚያ በኋላም አለ።

ቤት ውስጥ ምን እንስጥ?

ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ 15 ግራም ያህል ፈጣን ስኳር ይስጡት። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ይበቃል። ለስላሳው «ስኳር የሌለው» የተባለው እንዳይሆን። እንጀራና ዳቦ ቀርፋፋ ናቸው፤ ለዚህ ሰዓት አይሆኑም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ሲስተካከል በሶ ወይም ዳቦ ያብሉት፤ አለበለዚያ ተመልሶ ይወርዳል።

ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው ምንም ነገር በአፉ አያድርጉ። ስኳር ውኃ ጎሮሮው ላይ ሲፈስ ወደ ሳንባ ይገባል። በጎኑ ያስተኙትና ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። እዚያ በደም ሥር ግሉኮስ ይሰጠዋል። አረቄ የሚያዘወትር ወይም ምግብ ያጣ ሰው ከሆነ ይህን ለባለሙያው ይንገሩ፤ ታያሚን የሚባል ቫይታሚን አብሮ ሊሰጠው ይገባል።

መለኪያ ከሌለስ? የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተደናገረና መዋጥ ከቻለ ስኳር ይስጡት። ስኳሩ ከፍ ብሎ ከነበረ በዚያች 15 ግራም ብዙ አይጎዳም። አፉ ከተጣመመ ወይም ምራቁ ከተዝረከረከ ግን መዋጡ ላይ እርግጠኛ አይሁኑ፤ ወደ ሕክምና ይሩጡ።

የስኳር ሕመም የሌለበት ሰውስ?

ይወርድበታል። ከባድ ወባ አንዱ ምክንያት ነው። ከመተማና ከሑመራ የእርሻ ሥራ ተመልሶ ትኩሳት ይዞት የሚቀባዥር ወጣት ስኳሩ መለካት አለበት። ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች በወባ ጊዜ በተለይ ይወርድባቸዋል፤ ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጠ ደግሞ የበለጠ ያወርደዋል። ባዶ ሆድ ላይ አረቄ፣ የጉበት ድካም፣ በደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን፣ ክፉኛ የተጎሳቆለ ሕፃንም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

ሌላም ጎንደርን የሚመለከት ነገር አለ። በዚህ አካባቢ ገጠር ቀጭን፣ ወጣት፣ ድሀና ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ይታያል። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከጎንደር ስለዚህ ሲጽፉ ኖረዋል። ኢንሱሊኑ በየቀኑ ይወጋል፤ ምግቡ ግን በየቀኑ ላይኖር ይችላል። በክረምት፣ እህል ሳይደርስ፣ ይህ ሰው ወድቆ ቢገኝ መጀመሪያ ስኳሩን መጠርጠር ነው።

ስኳር ሲበዛስ ስትሮክ ይመስላል?

አዎ፣ ይመስላል። የሚጥል በሽታና አንዳንድ የራስ ምታትም እንዲሁ። የስኳሩን መብዛት ያው ጣት መውጋት ይለየዋል።

ሲቲና ኤምአርአይ ጨረር አላቸው? ምን ዝግጅት ይፈልጋሉ?

ሲቲ ጨረር አለው፤ ለአንድ ጊዜ የራስ ምርመራ መጠኑ ትንሽ ነው። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ በማግኔት ነው የሚሠራው። ነፍሰ ጡር ከሆነች አስቀድማ ትናገር። ለሕይወት አስጊ ከሆነ ግን የራስ ሲቲ በእርግዝናም ይነሣል፤ ጨረሩ የሚያርፈው ራስ ላይ ነው እንጂ ሆድ ላይ አይደለም።

የደም መፍሰስ ለማየት የሚነሣው ሲቲ መርፌም ጾምም አይፈልግም። በደቂቃዎች ያልቃል። ኤምአርአይ ረዘም ይላል፣ ይጮኻል፣ የሚንቆራጠጥ ታማሚ አይችለውም። የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር ጌጥና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወልቃል። እናቶች ማተባቸውን አውልቁ ሲባሉ ይከፋቸዋል። ክሩ ችግር የለውም፤ ብረት መስቀሉ ብቻ ወጥቶ ቤተሰብ ይያዘው። ልብ ላይ የተተከለ መሣሪያ ወይም በሰውነቱ ውስጥ የቀረ ጥይት ፍንጣሪ ካለ ሳይናገሩ ኤምአርአይ ክፍል አይግቡ።

ወደ ድንገተኛ ክፍል ምን ይዘን እንምጣ?

የሚውጣቸውን መድኃኒቶች ከነካርቶናቸው። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ። መጨረሻ የበላበትን ሰዓት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት። «ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታሞ አገኘነው» አይበቃም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ደህና እደር ብሎ ተኝቶ ከሆነ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ኢንሱሊንም ይወጋል። ሥራውን ይተው?

መተው የለበትም። መሪው ላይ ከመቀመጡ በፊት ይለካ። ከ90 በታች ከሆነ መጀመሪያ ይብላ። ስኳርና ብስኩት ወንበሩ ሥር ይኑር። መንገድ ላይ ላብ ላብ ካለው፣ ወይም ከአዘዞ ፒያሳ የለመደው መንገድ ከተምታታበት፣ ዳር ይዞ ይቁም፣ ሞተሩን ያጥፋ፣ ስኳሩን ይውሰድ። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላም 45 ደቂቃ ይጠብቅ፤ አንጎል ከቁጥሩ ዘግይቶ ነው የሚመለሰው። ባለፉት ወራት ሳያስጠነቅቀው ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ ግን መድኃኒቱ እስኪስተካከል ሰው አይጫን።